ያለ ሽልማት

የሥነ ልቦና መምህርቷ ሽልማት የሚባል ነገር አትወድም። ለተማሪዎቿ በየዓመቱ አንድ ጥናት ትተርክላቸዋለች፤ ደስ ብሏቸው ይስሉ የነበሩ ሕፃናት ሽልማት እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ከሳሉ በኋላ በራሳቸው ጊዜ እርሳስ ማንሣት ቀነሱ። «ከውስጥ የመጣን ፍላጎት ለመግደል ዋጋ ማውጣት ይበቃል» ትላለች። ይህን ስትል ፊቷ ስለሚቀላ፣ ተማሪዎቿ የበደላት ሰው እንዳለ ይጠረጥራሉ።

በዳዩ አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሲሆኑ ቤታቸውንም ያስተዳደሩት በሽልማት ነው፤ ሾርባ ለጨረሰ ከረሜላ፣ አንደኛ ለወጣ ጫማ። ልጅቷ ሁልጊዜ አንደኛ ስለምትወጣ፣ ትምህርት ትወድ እንደሆነ ያወቀችው ከቤት ከወጣች በኋላ ነው።

እናቷን ስትሮክ መትቷቸው ግራ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው ተመልሳ ወላጆቿ ቤት ገባች። ሐኪሙ በየቀኑ ደረጃ እንዲወጡና እንዲወርዱ አዟል፤ እሳቸው ግን ከሶፋው አልነሣም አሉ። አባትየው የአንገት ሐብል ቃል ቢገቡም አልሆነም።

ከሕንጻው ሥር መድኃኒት ቤት ያለው ወጣት ፋርማሲስት አንድ ቀን መድኃኒቱን ራሱ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። በሩን የከፈተችለት መምህርቷ ናት። ተያዩ፤ እሱ መድኃኒቱን መስጠት፣ እሷም መቀበል ረሱ። እናትየው ከሶፋው ሆነው ክኒን ሊሰጥ ነው የመጣው ወይስ ሊያድር ብለው ጠየቁ። እሱም እርስዎ ወርደው ቢወስዱት ኖሮ እኔን ምን አመጣኝ ሲል መለሰ። እንዲህ የሚመልስላቸው ሰው ካገኙ ቆይተዋል። በማግስቱ ተነሥተው ቆሙ፤ ተቀምጦ መስደብ አልመች ብሏቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱን ለእህቱ ትቶ ይመጣል። እየተነታረኩ በየቀኑ ጥቂት ደረጃዎች ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ሲመሻሽ እሱና መምህርቷ በረንዳው ላይ ቆመው ያወራሉ፤ ወሬው እያጠረ፣ ዝምታው እየረዘመና እየጣፈጠ መጣ።

አንድ እሑድ ፋርማሲስቱ ምሳ ተጋብዞ ሳለ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለቤታቸውን እስከ መንገዱ ካወረደላቸው ልጃቸውን እንደሚሰጡት ተናገሩ። ቀልድ ነበር፤ ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። ፋርማሲስቱ ደስ ብሎት «ተስማምቻለሁ» አለ። መምህርቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

በረንዳው ላይ ስትጠይቀው ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እውነቱን ንገረኝ። የምትመጣው ለእናቴ ብለህ ነው ለእኔ?»

«መጀመሪያ ላንቺ ነበር» አለ። «በሩን የከፈቱልኝ አባትሽ ቢሆኑ ኖሮ በማግስቱ አልመለስም ነበር።»

«ስለዚህ እኔን ስታገኝ እሷን ትተዋታለህ።»

«ሰው ላንድ ነገር ብሎ ጀምሮ ለሌላ ነገር ብሎ አይቀጥልም? መጽሐፎችሽ እንዲህ አይሉም?»

ይላሉ። የተነሣበት ምክንያት ቢጠፋም በራሱ እግር የሚቆም ፍላጎት አለ የሚል ንድፈ ሐሳብ ራሷ ታስተምራለች። ግን ለፈተና እንጂ ለኑሮ አምናው አታውቅም።

«ሽልማቱ ተነሥቷል» አለችው። «አላገባህም። ነገ የመምጣት ግዴታ የለብህም።»

«እሺ» ብሎ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ የምታስተምረው ስለ ጭንቀት ነበር። ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን አልችለውም ብሎ ማሰቡ ነው ስትል ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ጠፋባት። ክፍሉን ቀደም ብላ በተነች። እሱ ካልመጣ ትክክለኛነቷ ይረጋገጣል፤ እንደዚያ ቀን ግን መሳሳት አምሯት አያውቅም።

ሕንጻው ውስጥ ስትገባ ንትርክ ሰማች። ሁለቱ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበሩ።

«አንተ ክኒን፣ ልጄ አላገባህም ካለችህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እትዬ፣ ትናንት ሰነፍ ብለውኝ ሳልመልስልዎት ሄድኩ፤ ሲያንገበግበኝ ዋለ። ግራውን ያንሡ።»

መምህርቷ ፊታቸው መጥታ ቆመች። መምጣቷን አውቋል። ግን ቀና አላለም፤ ዓይኑ ወለሉን እየዳበሰ በሚፈልገው የእናትየው እግር ላይ ነበር።

«ትንሽ ፈቀቅ በይልን» አላት። «መንገድ ዘጋሽብን።»

ፈቀቅ አለች። እናትየው ወለሉን ረገጡ፤ በሩን አልፈው፣ ፀሐይ ላይ ወጥተው መንገዱ ዳር ቆሙ። ያን ጊዜ ነው ዞሮ ያያት።

መምህርቷ ተጠግታ በዝግታ፣ «እማዬ መንገድ መድረሷን አባዬ ሳይሰማ ላግባህ» አለችው።

እናትየው ሳይዞሩ፣ «ዘገየሽ» አሉ። «በረንዳው ላይ ቆሞ እያየን ነው።»