ያልታወቀው ሹክሹክታ

ከሁለት ወር በፊት ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የድምፅ አሠልጣኝ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ሞቶ ተገኘ፤ አጠገቡ ባዶ የመድኃኒት ብርጭቆ ነበር። መርማሪዋ የተጠራችው ለምርመራ ሳይሆን ጉዳዩን ቶሎ እንድትዘጋ ነው። በሴት ልጁ ስልክ ላይ ከእሱ ስልክ የተላከ የስንብት የድምፅ መልእክት ተገኝቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ አሏት አለቆቿ። እሷ ደግሞ እንደ ስንፍና የምትንቀው ነገር የለም።

መልእክቱን አስከፈተች። ሹክሹክታ ነው፦ «ልጄ፣ በቃኝ። ስለጠላሽኝ መርዙን ጠጣሁት።»

«ጠዋት ሁሉም ፊት ተጣልተን ነበር» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ አብጦ። «አልወድህም አልኩት። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ በልጅነቷ ኮልታፋ ስለነበረች፣ እያንዳንዱ ድምፅ በአፍና በጉሮሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በመከራ ነው የተማረችው። መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማችና ወደ ቤት ሠራተኛዋ ሄደች።

«ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዴት ነበር የሚናገሩት?»

«በሹክሹክታ ነዋ! አንደኛው የድምፅ አውታራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ። ጥጥ አምጪ ለማለት እንኳ ‹ትት› ነበር የሚሉት፣ ምስኪን።»

«ለሁሉም ሰው?»

«ለእኛ ለቤተሰቡ ብቻ። ለሌላው ይጽፋሉ፤ ያፍሩ ነበር።»

ሳሎን ውስጥ፣ ሟቹን በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ያመላልሰው የነበረው ወንድሙ አንገቱን ደፍቷል። የሟቹ ተማሪ፣ የታወቀው ማስታወቂያ አንባቢ ግን ሐዘኑን የሳሙና ማስታወቂያ አስመስሎት ነበር። «ጋሼ የድምፅ አባታችን ነበሩ!»

«በየቀኑ ትመጣ ነበር?»

«በየቀኑ! የድምፅ ትምህርት ቤታቸውን ሊያስረክቡኝ እኮ ነው።»

«ራሳቸው ነገሩህ?»

«መቼ ይናገራሉ! ከታመሙ ወዲህ ይጽፉልኛል እንጂ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ጉሮሯችሁን ያዙ። ‹ተ› በሉ። አሁን ‹ጠ›።» ወንድምየው እያጉረመረመ እንዳለችው አደረገ፤ እሷም ቀጠለች። «ለ‹ተ› የሳንባ ትንፋሽ ይበቃል። ለ‹ጠ› እና ለ‹ቀ› ግን ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ገጥመው በሩን ይዘጋሉ፤ ከበላይ የታፈነው አየር ተገፍቶ ይፈነዳል። በሹክሹክታም ያው ነው። የሟቹ በር ደግሞ አይዘጋም ነበር።»

መልእክቱን ከፈተችው። በቃኝ፣ ስለጠላሽኝ፣ ጠጣሁት፤ እያንዳንዷ ‹ቀ› እና ‹ጠ› እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ትላለች።

«ሹክሹክታ የማን እንደሆነ አይለይም፤ ገዳዩ ይህን ያውቃል። ያላወቀው ጋሼ ምን ማለት እንደማይችሉ ነው። ቤተሰቡ ሁለት ወር ሰምቷቸዋል፤ ሊያስመስል ቢፈልግ ‹ትት› ይል ነበር። እዚህ ካላችሁት፣ ከታመሙ ወዲህ ድምፃቸውን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሠራተኛዋ አንባቢው ላይ አፈጠጠች። «ዛሬ መድኃኒታቸውን ከእጄ ተቀብለህ የገባኸው አንተ ነህ!»

«አሥር ዓመት አገለገልኩት!» ብሎ ጮኸ አንባቢው። «ትምህርት ቤቱን ለሌላ እንደሰጠ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ! አንዲት ቃል እንኳ ነፈገኝ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች መርማሪዋ። «ተኮላትፈህ ብታወራ ኖሮ ታመልጥ ነበር። አንተ ግን ሰው ገድለህም አጥርተህ ታነባለህ።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ልጅቷ የመርማሪዋን እጅ ይዛ አስቆመቻት። «ታዲያ… በእኔ ምክንያት አይደለም?»

«ከአባትሽ ጋር ተጣላሽ፤ በቃ። የማይጣላ ልጅ የለም።» ከመጣች ጀምሮ ያለ ንቀት የተናገረችው ይህንን ብቻ ነበር።

ልጅቷ እስካሁን ያለቀሰችው ስለ ራሷ ጥፋት ነበር። አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለአባቷ አለቀሰች።