ከገደሉ የተጠራው ሳቱርኒኖ

በረዶው ከአንዲስ ተራሮች ጫፍ እንደ ጠጠር ወረደ። ኒካሲያ አንገቷን ቀብራ ዳገቱን ቧጠጠችው። አምና ከኩላሊት እጥበት አልጋ የማትነሣ ልጅ ዛሬ ላማ የሚባለውን የጭነት እንስሳ እየጎተተች ተራራ ትወጣለች። ጎኗ ውስጥ ያለው ኩላሊት ግን ከዚሁ ገደል ወድቆ ከተማ ሆስፒታል የሞተው የሳቱርኒኖ ነው።

ኩላሊቱ እንዲሰጥ የፈቀዱት አባቱ፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ከፊቷ ይራመዳሉ። መንደሩ «ጎዶሎ የተቀበረ ነፍሱ ከገደሉ አይወርድም» ብሎ፣ በሙታን ቀን ለልጃቸው ማዕድ እንዳይዘረጋ ከልክሏል። ሙታን ለምሳ የሚመጡት ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከዚያ በፊት የጎደለውን ይዞ፣ ነፍሱን ከወደቀበት ጠርቶ ቤቱ ማስገባት ነው።

ኒካሲያ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማ ጮኸች። «ሳቱርኒኖ! ና፣ እንሂድ!»

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከኋላቸው ጠጠር ተንከባለለ። ስትቆም ቆመ፤ ስትሄድ ተከተለ።

«አባባ፣ ሰሙ?»

«ሰማሁ። እንዳትዞሪ! የጠሩትን ነፍስ ዞሮ ያየ መለሰው ማለት ነው።»

ከቋጥኙ ሥር ፑማ፣ የተራራው አንበሳ፣ ብድግ አለ። ላማው ገመዱን በጥሶ ፈረጠጠ። ኒካሲያ ድንጋይ አነሣች። አውሬው ግን እሷን ከቁብም አልቆጠራት፤ ከትከሻዋ ኋላ አፍጥጦ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ በሆዱ እየተሳበ ተሰወረ። ሳትዞር መንገዷን ቀጠለች።

ከገመዱ ድልድይ ማዶ የመንደሩ ሰዎች፣ ቲሞቴዮና ወንድሞቹ፣ ዱላ ይዘው ቆመዋል።

«አንቺ የሙት ሥጋ ተሸካሚ! ወደ መጣሽበት!» አለ ቲሞቴዮ።

ኒካሲያ ሹራቧን ገልባ ጠባሳዋን አሳየች። «ጎደለ ያላችሁት ይኸው! እናንተ በዱላ ትጠብቁታላችሁ፣ እኔ በእግሬ አመጣሁት። ማንኛችን ነን ዘመዱ?»

መልስ ሳትጠብቅ ተሻገረች፤ ሽማግሌውም ተከተሉ። ሁለቱም መሬት ረግጠው ቆሙ። ድልድዩ ግን መወዛወዙን አላቆመም። ሳንቃው አንድ በአንድ ተንቋቋ፤ የሰው እርምጃ ነው። ቲሞቴዮ ዱላውን ጥሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

የእኩለ ቀኑ ደወል ሲመታ የሳቱርኒኖ እናት ተደብቀው የጋገሩትን፣ ሟቹን የሚወክል ሰው የመሰለ ዳቦ ከማዕዱ መሃል አኖሩ። የከለከለ አልነበረም።

በማግስቱ፣ ሙታን ተሸኝተው ሲያበቁ፣ ቲሞቴዮ የኒካሲያን ሻንጣ ተሸክሞ እስከ ድልድዩ አደረሳት።

«እኔ ብሞትስ... ከዚህ ገላ የሚጠቅም ይገኛል?»

«ምላስህ አይረባም። ሌላውን እንዲሰጡልህ ዛሬውኑ ለቤተሰብህ ንገራቸው።»

ብቻዋን ገደሉ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ጠጠር አልተንከባለለም። ዞራ አየች፤ ነፋስ ብቻ። ትናንት እርምጃው አስፈርቷት ነበር፤ ዛሬ ዝምታው አስፈራት። ጎኗን በመዳፏ ያዘች።

«በል እንግዲህ» አለችው፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ እንሂድ።»