እጅ ሲነካው ዝም የሚለው ጊታር

ሄራን መዳፏን የጊታሩ ክሮች ላይ ስታሳርፍ ጢዝ የሚለው ድምፅ ጸጥ አለ። ስታነሳው እንደ ንብ ቀፎ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ ተመልሶ መጣ። «እጅ ይፈልጋል እኮ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ባዶው የቸርች አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን መሆኗን አስታወሳትና ቶሎ አቆመችው።

ጊታሩ ከአባቷ ዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ቀለሙ ግን ጉድ ነበር። ቡናማ እንዳይሉት ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ቀይ እንዳይሉት ደፍረስ ይላል። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ዘመድኩን ኢንተርኔት ላይ ሲያስስ ሰንብቶ አምሳያ ስላጣለት፣ ፋብሪካው በልዩ ትእዛዝ የሠራው ቀለም ነው ብሎ ደምድሟል። ያመጣችው ጓደኛዋ ፌቨን ናት፤ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ላከልኝ ብላ። ሄራን አራት ወር ሙሉ በውሰት ጊታር ስትለማመድ ኖራ ነገ፣ እሑድ፣ በጉባኤው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ትጫወታለች። ከዚህ በላይ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

ጠርዙ ላይ ትንሽ ስለተላጠ ዘመድኩን ሲቀላ ሰፈር ወደሚገኙት ባጃጅ ቀቢ፣ ወደ ጋሽ ደግፌ ላካት። ጋሽ ደግፌ ሽፋኑን ሲገልጡ የቀለም መርጫቸውን መሬት አስቀመጡ። ጊታሩን ዳበሱት።

«ይቺን ቀለም የበጠበጥኳት እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ከሦስት ዓመት በፊት ኦይታ የሚባል የላንቴ መንደር ዓሣ አጥማጅ የአባያ ሐይቅን ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ አምጥቶላቸው ነበር። ይህን አስመስሉልኝ አላቸው። አምስቴ በጥብጠው አምስቴ ደፉ፤ በስድስተኛው ተሳካ። በቀለሙ ጀልባውን ቀቡለት፤ በተረፈው ጊታሩን። በወሩ ኦይታ ከነጀልባው ሐይቁ ላይ እንደወጣ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ፈለገ፤ ሰውም ጣውላም አልተገኘም።

«የሐይቁን ቀለም ቀብቼው ማን ይየው?» አሉ ጋሽ ደግፌ።

የኦይታ እናት እማማ በለጥሽ ዓይናቸው አያይም። ኦይታ ከሐይቅ ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው ጊታሩን ነበር። ስለዚህ ጀልባዎች በሚመለሱበት በአሥር ሰዓት ጊታሩ የተሰካበትን አምፕሊፋየር በተገኘው ሰው ያስከፍቱና ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ጢዝታው ዝም ካለ ልጃቸው ጊታሩን አንስቶታል ማለት ነው።

ሄራን ጊታሩ ከየት እንደመጣ ገባት። ፌቨን የምትኖረው ላንቴ፣ አክስቷ እማማ በለጥሽ ቤት ነው።

ፌቨንን አዳራሹ በር ላይ አገኘቻት። ስትጠይቃት አልካደችም።

«አታካብጂ» አለች። «ገመዱን አምፑ ላይ እንደተሰካ ትቼዋለሁ። ያለ ጊታርም ይጮኻል። አክስቴ አላወቀችም።»

«እና አሁን እዚያ የሚጮኸው ምኑ ነው?»

«ምንም።»

ይህ «ምንም» ሄራንን አስፈራት። እማማ በለጥሽ የሚያዳምጡት ማንም እጅ ሊያሳርፍበት የማይችለውን ነገር ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቢጠብቁ ዝም አይልም። ፌቨን እሑድ ይለፍና እመልሰዋለሁ ብላ ለመነቻት። ደግሞስ ያመጣሁት ላንቺ ብዬ አይደል ወይ አለች። እውነቷን ነበር፤ ሄራንን የከበዳትም ይኸው ነው። ቢሆንም ጊታሩን አቅፋ የላንቴ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ፌቨንም እያጉረመረመች ተከተለቻት። ድምፅ ሳያሰሙ አስቀምጠው ሊወጡ ተስማሙ።

ሲደርሱ አሥር ሰዓት አልፏል። ጢዝታው ገና ከቤቱ ፊት ያለው የሙዝ ተክል ውስጥ ሳሉ ተሰማቸው። ፌቨን ውጭ ቀረች። ሄራን ጫማዋን አውልቃ ወደ ኦይታ ክፍል ገባች። አልጋው ተነጥፏል፤ በሩ ሥር ነጠላ ጫማ ተቀምጧል፤ የገመዱ ጫፍ ባዶ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። እማማ በለጥሽ ከግድግዳው ወዲያ ናቸው። ሄራን ገመዱን ጊታሩ ላይ ስትሰካ ክሮቹ እንዳይጮኹ በልማድ መዳፏን ጫነችባቸው።

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ፌቨን፣ መብራት ሄደ?» አሉ እማማ በለጥሽ።

አምፖሉ ከሄራን አናት በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ፌቨን በመስኮቱ በኩል ነይ ውጪ እያለች በእጇ ትጠራታለች።

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ተንቋቋ።

«ኦይታ?»

ሄራን እጇን አንስታ ብትወጣ ማንም አያውቅባትም። እማማ በለጥሽ ግን ልጄ መጥቶ ሳያናግረኝ ሄደ ይላሉ።

«አይደለም፣ እማማ። ሄራን ነኝ። ጊታሩ እኔ ጋ ነበር፤ ልመልሰው መጥቼ ነው።»

የእማማ በለጥሽ እርምጃ እየቀረበ መጣ። ሲናገሩ ድምፃቸው ግድግዳው አጠገብ ደርሷል።

«እንግዲያው እጅሽን አንሺለት፣ ልጄ፤ ሲመጣ እሱ ያሳርፍበት።»

አነሳች። ጢዝታው ተመለሰ። ፌቨን አሁንም በመስኮቱ እየጠራቻት ነው፤ ሄራን ግን ከእማማ በለጥሽ ጋር ልታዳምጥ ጊታሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።