ሦስቱም ካርዶች ጠፍተው ነበር

እንዲህ ዓይነት ወሬ ይዞ የሚመጣን ሰው በሳቅ የማባርረው እኔ ነኝ፣ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ስጠግን ስንት ዓመቴ፣ «ላፕቶፔ ውስጥ ሰይጣን ገብቷል» ተብሎ የመጣልኝ ሁሉ ወይ ገመዱ ነው ወይ ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም፣ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም። እመነኝ፣ ይሄን የምነግርህ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ወደ ደቡብ አፍሪካ በመኪናም በእግርም ብሎ ከወጣ ወራት አልፈዋል፣ አንዴ ከመንገድ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም። እናታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንጋጫ እየመጣች ሱቄ ትቀመጥና «ዛሬስ?» ትለኛለች፣ እኔም ላፕቶፔን ከፍቼ መልእክት ልኮ እንደሆነ አይላታለሁ።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ላፕቶፔ ሦስት ኔትወርክ ካርድ አለው፣ አብሮት የመጣው ዋይፋይ ደካማ ስለሆነ የዩኤስቢ ጨመርኩለት፣ የኬብሉም አለ፣ ታዲያ አንድ ላይ ሲበሩ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባውና መስመሩ ይቆራረጣል። እንዲህ ሲያደርገኝ ሁሉንም አጥፍቼ አንድ በአንድ ነው የማበራው። ሦስቱንም አጠፋሁ፣ ስክሪኑ ላይ ባለው የካርዶቹ ዝርዝር ሦስቱም ግራጫ ሆኑ፣ ኬብሉን ነቀልኩ፣ ዩኤስቢውንም ነቅዬ እጄ ላይ ያዝኩት።

እጄ ላይ እያለ የዩኤስቢው መብራት ብልጭ አለ።

ትንሽ ቻርጅ ቀርቶበት ይሆናል አልኩ፣ ሞኝነቴ፣ እሱ እኮ ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ወዲያው ላፕቶፑ ጠራ፣ የማርቆስ ስም ወጣ፣ እኔ ደርቄ ስቀር እናቴ «አንሳው እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ፣ አነሳሁት። ምስል የለም፣ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው፣ ያ ሁሉ ዝናብ እንኳ አልሸፈነውም።

«እማዬ፣ ደርሻለሁ» አላት በከምባትኛ።

«ጌታ ይመስገን! በልተሃል ልጄ?»

«አሁን አይርበኝም።»

«ከማን ጋር ነህ?»

ከኋላው የብዙ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል፣ የሚናገር ግን የለም።

«ብዙ ነን» አለ።

«የት?» ልለው አፌን ስከፍት ተቋረጠ። ዝርዝሩን አየሁት፣ ሦስቱም እንደጠፉ ናቸው። እናቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ተንበረከከች፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ ልጇ ደወለላት፣ አለቀ፣ መስመር አልነበረም ብዬ እንዴት ልንገራት? ዋጥኩት። መልሼ ብደውል አይነሳም፣ የዚያ ቀን ጥሪም የትም አልተመዘገበም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቆማ መሰከረች፣ ወሬውም ዳምቦያ ደረሰ። ልጆቻቸው ከማርቆስ ጋር የወጡ ሁለት እናቶች ነጠላቸው በዝናብ እንደበሰበሰ ሱቄ መጡ፣ አንደኛዋ እጄን ይዛ ፊቷ በርቶ፣ «ብዙ ነን ካለማ የኛም ልጆች አብረውት ናቸው ማለት ነዋ?» አለችኝ።

«አዎ እናቴ፣ አብረውት ናቸው» አልኳት።

«እንግዲያው እኛንም እስኪጠሩን እንጠብቃለን» ብለው ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። ይኸው እስካሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አብረው ይመጣሉ፣ እኔም ላፕቶፑን እከፍትላቸዋለሁ፣ እነሱ እንዲጠራ ይጸልያሉ፣ እኔ እንዳይጠራ።