ሐይቁ መሀል «አቤት» ያለችው ልጄ

አላምንም የምትሉ አትመኑ። እኔ ግን ጀልባው ውስጥ ነበርኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የኢድ ማግስት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም... ጨለማ የለ፣ መቃብር የለ።

ባለቤቴ ኸድሩ ከፍስሐ ገነት ወደ ዲላ ቡና የሚያመላልስ የጭነት መኪና ነበረው። «አንድ ቀን እንኳ ልጆቹን ውሃ እናሳያቸው» ብሎ አባያ ሐይቅ ወሰደን። ሰው ሐይቁ ውስጥ ወዳለች አንዲት ደሴት የሚያሻግር የሞተር ጀልባ ነበር። ባህሩዲን ሰባት ዓመቱ ነው፣ ረህማ አራት።

እኔ እንደሆን ውሃ አልወድም። አንዴ የልጁን ሸሚዝ፣ አንዴ የልጅቷን ቀሚስ ስጨብጥ እጄ ደነዘዘ።

«አረፍ በይ እንጂ፣» አለኝ ኸድሩ። «ጀልባውን አንቺ የምትነጂው አስመሰልሽው።»

ስንሄድ ደህና ነበር። ደሴቲቱ ላይ ዓሣ በላን፣ ልጆቹ አሸዋ ላይ ተንከባለሉ።

ስንመለስ፣ ሐይቁ መሀል...

«አቤት» አለች ረህማ።

ማንም አልጠራትም።

«ማን ጠራሽ?»

ውሃውን ታያለች። የአባያ ውሃ ቀይ ነው፣ ከስንዝር በታች አይታይም።

ቆየት ብላ ደግሞ... «አቤት።»

ኸድሩ ሳቀ። «ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው። ሳይጠሯት አቤት ትላለች።»

እኔ አልሳቅኩም። ጀልባ ነጂው ወልዱም አልሳቀም። ሞተሩን አጠፋው።

«እትዬ፣» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ስንት ጊዜ አለች?»

«ሁለት።»

«አፏን ይያዟት። ሦስተኛውን እንዳትል።»

ጭኔ ላይ አስቀምጬ አፏን በመዳፌ ከደንኩት። ባህሩዲን ማልቀስ ጀመረ። በልቤ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ።

ንፋስ የለ፣ ሞተር የለ... ጀልባው ግን ይሄዳል። ወደ ዳር አይደለም።

ያኔ እኔም ሰማሁት።

«ረህማ...»

የአሮጊት ድምፅ ነው። ቁጣ የለበትም። ልጅ ለምሳ ከደጅ የሚጠሩ ነው የሚመስለው።

የልጄ ከንፈር መዳፌ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

አለች? አላለችም? እስካሁን አላውቅም።

ወልዱ ሞተሩን እንደምንም አስነሳው። ዳር እስክንደርስ መዳፌን ከአፏ አላነሳሁም።

ስንወርድ ረህማ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ወልዱ እሷን አላያትም፣ እኔን ነው ያየኝ።

«አሁን እርስዎ ይጥሯት። የእርስዎ ከሆነች አቤት ትልዎታለች።»

ኸድሩ ቱግ አለ። «የእርስዎ ከሆነች ማለት ምን ማለት ነው?»

ዘጠኝ ወር የተሸከምኳትን ልጅ በስሟ መጥራት ፈራሁ። ግን እንዴት ሳላውቅ ቤቴ ይዣት ልግባ?

«ረህማ» አልኩ።

ቀና አለች። እጇን ጉልበቷ ላይ ተደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ እያቃሰተች ተነሳች።

«ወዬ፣ ልጄ» አለችኝ።

ጎንበስ እንድል ቀሚሴን ሳብ አደረገችና፣ የተፈታውን ሻሼን በትንንሽ ጣቶቿ መልሳ አሰረችልኝ።