ከአቡጀዲው ያፏጨው ሰው

እኔ የጥላ፣ የመንፈስ፣ የጠንቋይ ወሬ ሲነሳ ጥሎ የሚሄድ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ ወዳጄ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲኒማን የሰይጣን ሥራ ነው እያለ ሲያማትብ እንኳ፣ ብርሃንና ጨርቅ ነው፣ ሌላ ምን አለው እያልኩ ስስቅ ነበር። ይኸው ሸምግዬም የዚያን ምሽት ነገር ሳስበው እርር ድብን እላለሁ።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው። ታላቅ ወንድሜ ይርጋ በደብረ ኤልያስ በኩል ጫካ ገብቶ ወሬው ከጠፋ ክረምት አልፏል። ከደምበጫ ገበያ የመጣ አንዱ ሞቷል ይላል፣ ሌላው ኧረ በሕይወት አለ ይላል፣ የነፍስ አባታችን ደግሞ ነፍሱ አትንገላታ፣ ተዝካሩ ይውጣ ብለው እናቴን ወጥረው ያዟት። ስታለቅስ ከርማ በመጨረሻ እሺ አለች፣ ብቅሉን አበቀለች፣ ጌሾውን አስወቀጠች፣ ቀኑም ተቆረጠ።

በዚያው ሰሞን ጣሊያኖቹ ከገበያው ዳር ሁለት ምሰሶ ተክለው ነጭ አቡጀዲ ወጠሩና ሲኒማ ማሳየት ጀመሩ። እነሱ ከፊት በወንበር፣ እኛ ከጨርቁ ጀርባ መሬት ላይ። ከጀርባ ስታየው ሁሉ ነገር ይገለበጣል፣ ተኳሹ ሁሉ ግራኝ ነው። መጀመሪያ የሰልፍና የቤተ መንግሥት ሥዕል ሲያሳዩን እናንቀላፋለን፣ ያ ሽፍቶች የሚሳደዱበት ርካሽ ፊልም ሲመጣ ግን፣ እመነኝ፣ የሚተነፍስ የለም። ምኑ እንደሚጥም ልንገርህ፣ ሰዎቹ ያልባቸዋል፣ ልብሳቸው ተቀዷል፣ አንድ ጠመንጃ ለሦስት ይዘው ጥይት ይቆጥባሉ፣ ቤቱ ከሳንቃ የተለጣጠፈ ስለሆነ ሰው ሲደገፈው ግድግዳው ይነቃነቃል፣ ግን ማን ግድ አለው፣ የኛው ሰዎች ይመስላሉ። አንዳንዱማ ራሱን ስቶ ሊፎክር ይነሳና ዘብ የቆመው ባንዳ በዱላ ያስቀምጠዋል።

እንግዲህ ስማኝ። ፊልሙ ድምፅ የለውም፣ የሚሰማው የማሽኑ መንገጫገጭ ብቻ ነው። ተሳዳጆቹ ገደል ጥግ ሲደርሱ ከቁጥቋጦው ኋላ ሌላ ሰው ብቅ አለ፣ ባርኔጣው ፊቱን ጋርዶታል፣ አንድ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ይራመዳል። ይህን አረማመድ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ፣ ወዲያው ደግሞ ራሴን ሰደብኩ። ያኔ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር፣ ይርጋ በተሸረፈ ጥርሱ በኩል ውሻውን የሚጠራበት ፉጨት። ዙሪያዬን ባይ ያፏጨ የለም። ጆሮዬ ነው እንዳልል፣ እግሬ ሥር የተኛው መከታ፣ የይርጋ ውሻ፣ ጆሮውን አቁሞ ተነሳ፣ በሰው መሃል ሰንጥቆ ሄደና አቡጀዲውን እያሸተተ ጭራውን ይቆላ ጀመር። መከታ፣ ልብ በል፣ ከይርጋ በቀር ለማንም ጭራ የማይቆላ ክፉ ውሻ ነው።

ሰውየው ጠመንጃውን በግራ ይዟል። ወንድሜ ግራኝ ነው፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከጨርቁ ጀርባ ሁሉም ግራኝ ነው፣ የምትረዳኝ አንዲት ምልክት እሷም ከንቱ ቀረች። ባርኔጣውን ገፋ ሲያደርግ አየሁ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ፊልሙ ተበጠሰ። ጨርቁ ነጭ ሆነ። ሲቀጥሉት ገደሉ አለ፣ ቁጥቋጦው አለ፣ ሰውየው የለም።

ያላቸው እሱኑ ፊልም ስለነበር በማግስቱም አሳዩት፣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ፣ ሰውየው የለም፣ መከታም ቀና አላለም። የጣሊያኖቹን አስተርጓሚ ብጠይቀው እዚህ ውስጥ አንድም አበሻ የለም፣ ሰክረህ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ጠላ እንኳ አልቀመስኩም እኮ።

በመጀመሪያው ምሽት ግን ቤት ስገባ ጎረቤት የውሻውን ነገር ቀድሞ ለእናቴ ነግሯታል። አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ ስላየሁት ሰው ነገርኳት።

«ወደ አንተ እየመጣ ነበር ወይስ እየሄደ?» አለችኝ።

«ፊልሙ ተበጠሰ እማዬ፣ አላየሁም።»

«ውሻው ግን ጭራውን ቆልቷል?»

«ቆልቷል።»

ተነስታ ብቅሉን ለበሬዎቹ ሰጠች። የነፍስ አባታችን መጥተው ቢቆጧት፣ «አባ፣ ልጄን በቁሙ አልቀብርም» አለች፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አላስገደዳትም።

ጣሊያን ወጣ፣ አርበኞቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው ገቡ፣ ይርጋ አልመጣም። እናቴ በር በሩን እያየች ሞተች። ሞቶ ከሆነ ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ተዝካር የቀረው በዚያ ቅራቅንቦ ፊልም ነው፣ በሕይወት ካለ ደግሞ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብቅ ቢል። ታዲያ ምን ላድርግ ትላለህ?

ዘንድሮ ይበቃል ብዬ ቆረጥኩ፣ ጌሾ ገዛሁ፣ ሚስቴም ለብቅሉ ገብስ ነከረች። ከመከታ ዘር የመጣ ውሻ አለኝ፣ ይርጋን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ። ገና ገብሱ እንደተነከረ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ከተኛበት ጆሮውን አቁሞ ተነሳና በሩ ላይ ቆሞ ጭራውን ይቆላ ጀመር። ወጥቼ አየሁ፣ ማንም የለም።

ገብሱን ለበሬዎቹ ሰጠሁት።