የጎበዜ ዋስ

ፊደል አልቆጠረችም ተብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ቃሌ ሲጣል ኖሯል። በዕድር ስናገር ወንዶቹ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፤ ዳኛ ፊት ስቀርብ «ባልሽ የት አለ?» እባላለሁ። ትናንት ግን አውራ ጣቴ ተፈለገች። እኔ ባየች ምስክር ልሁን ተባለ። ያውም ለምን? ለውሸት። እንግዲያው ጣቴን ከመስጠቴ በፊት አፌን ስሙት።

ቤታችን ገለምሶ ገበያው አፋፍ ላይ ነበር። ባሌ ጎበዜ ከመቻራ የሚመጣውን ቡና እየመዘነ ይገዛል፤ አንድ ልጃችን አያና አሰበ ተፈሪ ከተማ ይማራል። ጠግበን እናድር ነበር፤ ሰው ያከብረን ነበር። በአንድ የገበያ ቀን በድሪ የሚባል ጎረምሳ በሰው ፊት «ሚዛንህ ሌባ ነው» አለው። ጎበዜ የሚዛኑን ብረት አንስቶ ወረወረ። ሚዛኑ ትክክል ነበር፤ ግን ሰው ከወደቀ በኋላ ትክክል መሆኑ ምን ይረባል? በድሪ ሳይሰነብት አረፈ። እናቱ ሀሊማ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራትም። በአንዲት ቅጽበት ሁለት ቤት ፈረሰ…

ጎበዜ አሰበ ተፈሪ ወህኒ ቤት በጥቁር ጠጉር ገብቶ በሽበት ወጣ፤ የማይለቅ ሳልም ተከትሎት ወጣ። የአገር ሽማግሎች ተቀምጠው ጉማውን፣ የደም ካሳውን አስከፈሉን፤ በሬዎቻችን ሄዱ። በእርቁ ቀን ገዳይና የሟች እናት ከአንድ ቅል ወተት ጠጡ። ሀሊማ ቅሉን በገዛ እጇ አቀበለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ኢልመ ኮ ነህ፣ ልጄ ነህ» አለችው። የአፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማሽላዋ በደረሰ ቁጥር ማጭድ ይዞ የሚሄድላት ጎበዜ ነበር፤ ሳሉ ሲብስበት ማር የምትልክለትም እሷ ነበረች።

እንቅልፍ ግን አልነበረውም። «ኢየሩሳሌም ደርሼ ከጌታ መቃብር ደጅ ስለ በድሪ ብሰግድ ምናልባት ይለቀኝ ይሆናል» ይለኝ ነበር። ሀሊማ ይህን ሰማች። «ቁድስ፣ ኢየሩሳሌም ነው የምትሄደው? ለበድሪ ዱዓ አድርግልኝ፤ እኔ እግሬ አያደርሰኝም» አለችው። በአሰቦት ገዳም በኩል ከሚሄዱ ተሳላሚዎች ጋር ሊጓዝ ተነጋገረ። ነገር ግን ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደም አፍስሶ ለታሰረ ሰው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ካልሆነው ፈቃድ የለም።

የመንግሥት ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ከማኅፀኔ አልወጣም እንዴ? አያና ያን ጊዜ ፈቃዱ በሚሰጥበት በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኗል። ሄጄ ለመንኩት።

«እማዬ፣ እዚህ ያሉ ሰዎች አባቴ ሞቷል ነው የማላቸው» አለኝ፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። «የትልቅ ሰው ልጅ ላገባ ነው።»

«ሞቷል? ታዲያ ቤቴ ተቀምጦ እንጀራዬን የሚጨርሰው መንፈስ ነው?»

«ቀስ በይ፣ እማዬ። ሰው ይሰማል።»

ለአባቱ አልነገርኩትም፤ ተስፋ አድርጎ ይሂድ ብዬ። እኔ፣ ጎበዜና ሀሊማ በቡና ጭነት ላይ ተቀምጠን አሰበ ተፈሪ ገባን። በጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ የሚሰጠው መቶ አለቃ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ጠየቀ። «ዋስ የሚሆንህ የመንግሥት ሠራተኛ አለህ? ልጅ፣ ወንድም?»

አያና ጥጉ ላይ በጽሕፈት መኪናው ይጽፋል። ጎበዜ አየው። የልጁ ጣቶች አልቆሙም፤ አንገቱም አልዞረም። ልናገር ስል ጎበዜ እጄን ጨመቀኝ።

«የለኝም ጌታዬ» አለ። «ልጅ አልወለድኩም።»

የጽሕፈት መኪናው ያን ጊዜ ቆመ። እናንተ ሰዎች… አባት ለልጁ ክብር ብሎ ልጁን በገዛ አፉ ሲቀብር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሀሊማ ከበሩ ሥር ተነሳች። «እኔ ዋስ አለሁ» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«አንቺ ደግሞ ምኑ ነሽ?»

«የበድሪ እናት። የገደለው ልጅ የእኔ ነው። አሁን ልጄ እሱ ነው። ካልተመለሰ እኔን እሰረኝ።»

መቶ አለቃው ባርኔጣውን አወለቀ። «እናቴ፣ እርስዎን እምቢ ማለት ከባድ ነው» አላት። «ግን ደንቡ የመንግሥት ሠራተኛ ይላል።» እኔ የባሌ ወንጀል አንገቴን አስደፍቶኝ አያውቅም፤ ዕዳውን ከፍሏል። አንገቴን የደፋሁት ያን ዕለት ነው፣ በወለድኩት።

ጎበዜ ተሳላሚዎቹን እስከ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ሸኛቸው። ባቡሩ ሄደ፤ እሱ ተመለሰ። ፋሲካ ሳይደርስ ሳሉ ጨረሰው። የተገነዘበትን አቡጀዲ የገዛችው ሀሊማ ናት። አያና ለቀብሩ መጥቶ ነበር፤ ከእንግዶቹ ኋላ ጃንጥላ ይዞ ቆመ። ሲያጽናኑትም «የሩቅ ዘመዴ ናቸው» አለ።

የዕጣ ነገር ምን ይባላል? ዛሬ ውጭ አገር ተልኮ ሊማር የታጨው አያና ሆነ። ቤተሰቡ ከወንጀል ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ ጠየቁት። ትናንት መጣና ወረቀት ዘረጋልኝ። «አባቱ በሕፃንነቱ ሞተ፣ ወንጀል አልነበረበትም ብለሽ አውራ ጣትሽን ብቻ፣ እማዬ» አለኝ። አባቱ አንድ ፊርማ አጥቶ ባቡር አመለጠው፤ እሱ ደግሞ በእኔ ጣት ተሳፍሮ ሊሄድ ነው።

እንግዲህ አያና፣ አንተም እዚህ ተቀምጠሃልና ስማኝ። የሀሊማ ማሽላ ደርሷል፤ ወፍ እየጨረሰው ነው። ጎበዜ ከሞተ ወዲህ የሚያጭድላት የለም። ያን ከረባትህን ፍታና የአባትህን ማጭድ ከግድግዳው አውርድ። ገለምሶ ገበያ መሃል ግባ፣ በገበያ ቀን፣ ሚዛኑ ቆሞ በነበረበት በኩል እለፍ። ማነህ ብለው ሲጠይቁህ የጎበዜ ልጅ ነኝ በል፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ በል። ማሽላዋን አጭደህ ጨርስላት። ከዚያ አባትህን እንደነበረው አድርገህ ጻፍና ወረቀቱን አምጣልኝ፤ ያን ጊዜ ጣቴ ያንተ ናት። አሁን ተነስ፣ ማጭዱን ያዝ።